ሃምሳው ወይስ ሰማንያ አምስቱ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18 ቀን 2008

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኛ ቀጠሮ ልጽፍበት ነበር። የሰበታ ሰው ግን መቼ በቀጠሮ ይመጣና! ሲመቸው ሰተት ብሎ ይገባል። ስለዚህ ደብተሩ የእኔ ይሁን ብያለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ጽሕፈቴም ይንጋደዳል። አንባቢው እኔው ነኝ፣ ማን ይስቅብኛል?

ዛሬ ከባለቤቴ ከነገሳ ጋር ስንጨቃጨቅ ዋልን። ጭቅጭቅ ስል ጎረቤት የሚያስታርቀው ዓይነት አይደለም፣ በሌንስ ነው። ፎቶ ቤታችን ሁለት ካሜራ አላት። አንደኛው ነገሳ ለሠርግ ይዞት የሚዞረው ትልቁ፣ ድንጋይ የሚያህለው ነው። ሁለተኛዋ ዘንድሮ የገዛናት ትንሿ ናት። በውስጧ እንደ ትልቁ ብድግ ቁጭ የሚል መስታወት የላትም፣ ለዚህ ነው ቀላል የሆነችው፣ ድምፅዋም አይሰማም። ክፍል ውስጥ የማነሳው እኔ ስለሆንኩ የእኔ ናት እላለሁ።

ችግሯ አብሯት የመጣው ሌንስ ነው። አስፍቼ ሳነሳበት ብርሃን ይበቃዋል፣ ግን ሰውዬው አፍንጫ ሥር ካልቆምኩ አይሆንም፣ አፍንጫውም ያብጣል። አጥብቤ ራቅ ስል ደግሞ ፊቱ ይስተካከላል፣ ግን ይጨልማል። መብራት በጠፋ ቁጥር ጉዴ ነው። ስለዚህ ለፊት ብቻ የሚሆን አንድ ጥሩ ሌንስ እንግዛላት ተባባልን።

የቱን? ሃምሳ የሚባል አለ፣ ሰማንያ አምስት የሚባል አለ። ሁለቱም ጨለማ አይበግራቸውም። ሃምሳው ሁለት እርምጃ ላይ ሆነው ፊትና ትከሻ የሚያነሱበት ነው። ሰማንያ አምስቱ ካልራቁለት እሺ አይልም። ከራቁለት ግን ፊቱን እንደ ተፈጠረው ያመጣዋል፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ቅቤ ያቀልጠዋል።

"ሰማንያ አምስቱ!" ይላል ነገሳ። "መናገሻ ጫካው ውስጥ ሙሽራዋን አቁሜ፣ ከኋላዋ ጥዱ በሙሉ ቀልጦ... አሴ፣ አይታይሽም?"

"እኔ የሚታየኝ ይቺ ክፍል ናት" አልኩት። ከመጋረጃው እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ተኩል ናት፣ ለክቻታለሁ።

"ግድግዳውን እናፈርሳለና!"

"ግድግዳው የአከራያችን ነው።"

"እንግዲያው አከራያችንን እናፈርሳለን" ብሎኝ አረፈው።

ጎረቤታችን ሰልማን፣ ጨርቅ ነጋዴው፣ ከገና በኋላ ዱባይ ይሄዳል። እስከዚያ ተስማምታችሁ ንገሩኝ፣ አመጣላችኋለሁ ብሎናል። እስከ ገና ድረስ የማሸንፈው ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 24

ወይዘሮ ተረፈች ልጇን ለፓስፖርት ፎቶ ይዛት መጣች። ትንሿን ካሜራ ስታይ ክው አለች። "በዚች ነው እንዴ? ይቺማ የሕፃን መጫወቻ ናት! ልጄ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው፣ ቁም ነገር ነው!"

ነገሳ ከጓዳ ትልቁን ይዞ ወጣ። የሌንሱን ክዳን እንኳ ሳይከፍት በርከክ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጠቅ ጠቅ አደረገላት። እኔ ከጎን ሆኜ በትንሿ አነሳኋት። ተረፈች ሁለታችንንም መርቃ ሄደች፣ እሱን ግን አብልጣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 30

ልጄ ኡርጂ አዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ዛሬ ሚኒባሱ ከአየር ጤና መለሳቸው፣ መንገዱ አልተከፈተም ተብሎ። ቡራዩም እንዲሁ ነው አሉ። ሁሉም ሰው ማስተር ፕላን፣ ማስተር ፕላን ይላል። አዲስ አበባ ልትሰፋ ነው፣ እኛም ውስጧ ልንገባ ነው፣ ገበሬውም ከመሬቱ ሊነሳ ነው። የነገሳ ታላቅ ወንድም ኦቦ ደቻሳ ተፍኪ አቅጣጫ የሚያርሱት መሬት አላቸው። ስለሱ ሲነሳ ነገሳ ጨዋታ ያቆማል። አሁንም አቁሟል። የሌንሱን ነገር ላነሳበት ፈልጌ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 2

ጠዋት። ነገሳ ተፍኪ ሄደ። መዘምራን ለመዝሙር አልበማቸው ሽፋን ሊነሱ ቀጥረውታል። ትንሿን ልውሰዳት፣ አትከብደኝም አለኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሰው ይበዛብኛል፣ ትልቁን ይዘህ ሂድ አልኩት።

ከሰዓት። መንገድ ተዘጋ አሉ። ስልኩ ይጠራል፣ አያነሳም።

ማታ። ስልኩ አይጠራም።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 3

ኦቦ ደቻሳ በእግራቸው መጡ። ገና በሩ ላይ ሳሉ "ሃዳ ኡርጂ" አሉኝ። የኡርጂ እናት ማለት ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። የዛሬው ግን ሌላ ነበር።

መኪናው ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አራግፎ ተመለሰ። ነገሳ በእግሩ ቀጠለ። ተማሪዎቹ ለተቃውሞ ሰልፍ የተሰበሰቡበት ጋ ደረሰ። ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፣ ከሩቅ ይታያል። ፖሊሶች ከሌሎች ጋር ጭነው ወሰዱት።

"አነሳ? ፎቶ አነሳ እንዴ?" አልኳቸው።

"አላየሁም። አንዱ አንስቷል ይላል። ሌላው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር ይላል።"

"አንቱስ ምን ይላሉ?"

"እኔ ወንድሜ ነው እላለሁ" አሉኝ።

ውኃ ሰጠኋቸው። ሳይጠጡት ይዘውት ቆዩ።

ትልቁን ይዘህ ሂድ። ሦስት ቃል ናት። ትንሿ ብትሆን ኪሱ ውስጥ ትገባ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 8

ሰበታ ፖሊስ ጣቢያ ጠየቅኩ፣ የለም። ቡራዩ ሄድኩ፣ የለም። ዛሬ ሱሉልታ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ግቢ በር ላይ እንደ እኔ ፌስታል የያዙ ሴቶች ተሰልፈዋል። ስሙን ለበር ጠባቂው ነገርኩት። ሰውዬው ገባ፣ ቆየ፣ ወጣ። አዎ አላለም፣ የለም አላለም፣ ለነገሳ የያዝኩለትን ሹራብ ተቀበለኝ።

ተቀበለኝ! አለ ማለት ነው። ለሌለ ሰው ሹራብ ምን ይሠራለታል? አጠገቤ ያለችውን፣ የማላውቃትን ሴት ሳምኳት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም፣ ካልጻፍኩት ግን እንቅልፍ የለኝም።

ገለቴ መጣች። ከገበያው ጀርባ አትክልት የምትሸጠዋ። ከመሀረቧ ፈትታ አንዲት ጉርድ ፎቶ አወጣች። የልጇ ናት። ለልቅሶው የምትያዝ፣ በትልቁ አሳድጊልኝ አለችኝ። ልጁ ያለፈው ሳምንት ሰልፉ ላይ... እንደማላውቅ አልሆንም፣ ሰበታ ሁሉ ያውቃል።

ፎቶዋን ተቀብዬ አየኋት። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ጥቅምት ላይ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱን ሊያወጣ። መብራት ጠፍቶ ነበር። የፎቶ ቤቱን ኮት አልብሼው፣ ሌንሱን አስፍቼ፣ ጠጋ ብዬ ነበር ያነሳሁት። ለጉርድ ምን አለበት ብዬ! አሳድጌ ኮምፒውተሩ ላይ ሳወጣው ገለቴ ጠጋ ብላ አየችው። ቀስ ብላ "እህቴ፣ አፍንጫው እንዲህ አልነበረም" አለችኝ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ እንዲህ አልነበረም። እንዲህ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳት። "ንገሪኝ፣ ዓይንሽ ያስታውሰዋል" አልኳት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያደረገች መራችኝ። እዚህ ጋ ጠበብ... ትንሽ... በዛ፣ መልሺው... ጉንጩን ሙይው፣ ምግብ ይወድ ነበር... በዚህ መሀል ተነስቼ ጓዳ ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ። ስመለስ እንደዚያው ጣቷን አድርጋ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ እጇን አነሳች።

"ተዪው" አለችኝ። "አሁን አትንኪው። እሱ ነው።"

አትሜ ሰጠኋት። የእኔን አንገት አቅፋ ነው ያለቀሰችው። ያንን ሌንስ ፈትቼ ከመሳቢያ ጨመርኩት። ከእንግዲህ በሱ ሰው ፊት ጠጋ አልልም። ነገ ሌላ ስለሌለኝ አወጣው ይሆናል፣ ግን ዛሬ እንዲህ ብያለሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 15

ሌንሱን አወጣሁት። ምን ላድርግ፣ ሰው ይመጣል። በሩን ከፍቼ፣ አጥብቤ፣ ራቅ ብዬ፣ የሚጨልመውን በኮምፒውተር እያነጣሁ እሠራለሁ። አያምርም።

ማታ ኡርጂ በስልኳ ስለ ሌንሶቹ ያነበበችውን ሁሉ ነገረችኝ። ልጅቷ ጠንቃቃ ናት። "እማ፣ ሃምሳው ነው። ክፍላችንን ያውቃል ማለት ይቻላል። ሰማንያ አምስት እኮ በዚህ ካሜራ ላይ ጭራሽ ይጠባል፣ ከበሩ ውጭ ካልቆምሽ ትከሻ እንኳ አይገባልሽም።"

"አባትሽ ለሠርግ..."

"በናትሽ እማ! አሁን እኮ የምታነሺው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ የያዝኩትን ጭልፋ ወረወርኩት። እሷ ላይ አይደለም፣ መሬት ነው። ኡርጂም አነሳችው፣ አጥባ ሰቀለችው። ከዚያ ሁለታችንም ስለ ሽንኩርት መወደድ አወራን።

ልክ ናት እኮ። ላነሳሁት ጥያቄ ሁሉ መልሱ ሃምሳ ነው። እኔስ ከመጀመሪያው ያልኩት እሱን አይደል?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። ተሳልኩ። የተሳልኩትን አልጽፍም። ተረፈች ከኋላዬ ሆና ለአንዲት ሴት "እሷማ ጠንካራ ናት፣ ከመጣባት ወዲህ አንድ ቀን ሱቁን አልዘጋችም" ስትል ሰማሁ። ብዘጋው ነገሳ ሲመጣ በየት ይገባል?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 25

ዛሬ አሮጌውን ሌንስ ሃምሳ የሚለው ቁጥር ላይ አዙሬ በክፍሏ ውስጥ ሞከርኩት። ኡርጂን አስቀመጥኳት። ሁለት እርምጃ። ፊት፣ ትከሻ፣ ከላይም ትንሽ ትርፍ። ቁልጭ። ሃምሳው ለዚች ክፍል የተሠራ ነው። አበቃ፣ ተወሰነ። ኡርጂ ለሰልማን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 29

ትናንት ገናን፣ ዘንድሮ በ28 ነው የዋለው፣ ከነገሳ ጋር አሳለፍኩ። አሥር ደቂቃ።

ለበዓሉ ብለው ነው ያሳዩን። በመሀላችን ሁለት ረድፍ ሽቦ አለ፣ በሽቦዎቹ መሀል አንድ ልጅ ፖሊስ ቆሟል። እሱም ጥፍሩን ይነክሳል። ነገሳ ሲመጣ መጀመሪያ አላወቅኩትም። ላጭተውታል። ጭንቅላቱ እንዲህ ትንሽ መሆኗን በሃያ ሦስት ዓመት አላውቅም ነበር። ሹራቡን ለብሷል።

"ኡርጂስ?" አለኝ። ደህና ናት አልኩት። "ደቻሳ ጤፉን ወቃ?" ወቅተዋል አልኩት። አልወቁም፣ ግን ምን ይጨነቅልኝ። አንተስ አልኩት። እኔ ደህና ነኝ አለኝ። ግራ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ብርድ ነው መቼስ፣ ሱሉልታ አይደል?

ከዚያ "ሰልማን ሄደ እንዴ?" አለኝ።

"እሑድ ነው የሚሄደው።"

"ሌንሱስ?"

ልዋሸው አሰብኩ። "አልቆረጥኩም። አንተ ሰማንያ አምስቱን ትላለህ..."

"ሃምሳውን ያምጣልሽ" አለኝ።

"ምን?"

"ሃምሳው ነው ለአንቺ የሚሆንሽ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ልክ ነበርሽ።" ይህን ሲል አላየኝም፣ ሽቦውን ነው ያየው። "ብቻሽን ስትሠሪ አይከብድሽም።"

ልጁ ፖሊስ በቃ አለ።

ሚኒባስ ውስጥ ሁሉ ሳስበው መጣሁ። በሃያ ሦስት ዓመት አንድ ቀን ልክ ነሽ ብሎኝ አያውቅም። በጨው እንኳ ተከራክሮኛል። አሁን አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ልክ ነሽ መባል እንዲህ ያስፈራል እንዴ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 30

ሰልማን ሱቅ ሄድኩ። ሻንጣውን እየሸከፈ ነበር።

"ሰማንያ አምስቱን አምጣልኝ" አልኩት።

"እትዬ አሰጋሽ፣ ኡርጂ ሃምሳ ብላ ጽፋልኛለች እኮ።"

"ሰርዘው።"

"ክፍሏ ግን..."

"ክፍሏን እኔ አውቃታለሁ።"

አየኝ። ወረቀቱን አውጥቶ ሰረዘው፣ በራሱ እጅ ሰማንያ አምስት ብሎ ጻፈበት። "ደንበኛ ትልቅ ሌንስ ሲያይ ያከብራል፣ ለዚያ ነው" አልኩት።

"ለዚያ ነዋ" አለኝ። ከዚያ ወደ ሻንጣው ዞሮ "ኢንሻአላህ ራሱ ይሠራበታል" አለ። ለሻንጣው ነው የተናገረው።

ለኡርጂ ገና አልነገርኳትም። እልኸኛ መሆኔን ድሮም ታውቃለች።

ረቡዕ፣ ጥር 4

ማስተር ፕላኑ ቀረ ብሎ ሬዲዮ ተናገረ። ሰው ደጅ ወጣ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ "እስቲ እናያለን" አለ። ኦቦ ደቻሳ ደውለው "ሃዳ ኡርጂ፣ ሰማሽ?" አሉኝ። ሰማሁ አልኳቸው። እሳቸው መሬታቸው ቀረላቸው። ታዲያ የቀረ ነገር ላይ የተያዘ ሰው ለምን ይያዛል? ዛሬ ይፈቱታል፣ ነገ ይፈቱታል።

ረቡዕ፣ ጥር 11

ጥምቀት። አልተፈታም።

ዓርብ፣ ጥር 13

ሌንሱ መጣ! እንዴት ያምራል። ይከብዳል፣ ፊቱ እንደ ጥቁር ኩሬ ነው። ትንሿ ላይ ስገጥመው ሌንሱ ካሜራ የያዘ እንጂ ካሜራዋ ሌንስ የያዘች አትመስልም።

ኡርጂን አስቀምጬ ጀርባዬን በሩ ላይ ለጥፌ አየሁ። ግማሽ ግንባሯና አገጯ ተቆረጡ። የአፍንጫዋን ቀዳዳ ብቻ በትክክል አየሁት። "እማ!" አለች። "ምንድን ነው የገዛሽው? ስንት እንዳልኩሽ!" ከዚያ ሳቀች፣ መሀል ላይ ሳቋ ተበላሸባት። መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደፋች። "ለአባዬ ነው አይደል?" አለችኝ።

ለደንበኛ ነው አልኳት።

ቅዳሜ፣ ጥር 21

አሠራሩን አገኘሁት። ሰውዬው ከመጋረጃው ፊት ይቀመጣል፣ በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ እኔ ደጃችን ያለውን ቦይ ተሻግሬ የመንገዱ ዳር ላይ እቆማለሁ። ብርሃኑም ከበሩ ይገባል። እንዲህ ያለ ፊት አንስቼ አላውቅም። አሮጊቷ አሮጊት፣ ልጁም ልጅ። አንዲትም ያበጠ አፍንጫ የለም።

መሳቂያ መሆኑ ግን አልቀረም። ተረፈች ሁለተኛ ልጇን አምጥታ "ምነው እቴ፣ ልጄን ሰበታ አስቀምጠሽ ከተፍኪ ልታነሻት ነው?" አለችኝ። ወደ ውስጥ "አገጭ ዝቅ!" ብዬ ስጮህ የሰልማን ደንበኞች ሁሉ አገጫቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ዓርብ፣ የካቲት 4

መጣ።

መጣ መጣ መጣ። ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ የካቲት 9

ብዙ ይተኛል። ሲነቃ መጋረጃው ጀርባ፣ ጓዳው ውስጥ ይቀመጣል። ሱቁ ጋ አይወጣም። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ ተኝቷል እላለሁ፣ እሱም ዓይኑን ይጨፍንልኛል። ትናንት ላቡን ልጠርግለት ፎጣ ይዤ ስጠጋ ወደ ኋላ ሸሸ። ድንገት ስለሆንኩበት ነው። ከእንግዲህ እየተናገርኩ ነው የምጠጋው።

ዛሬ ሽንኩርት ስልጥ ከኋላዬ ሳልጠይቀው ተናገረ።

"አንድ ብቻ ነው ያነሳሁት።"

ቢላዬን አቆምኩ።

"ሁሉም ሲሮጥ አንዲት ልጅ ጫማዋ ወልቆባት መሀል መንገድ ቁጭ ብላ ክሩን ታስራለች። ረጋ ብላ፣ ቤቷ በር ላይ እንዳለች። እሷን ነው።"

"ፎቶው የት አለ?"

"ከካሜራው ጋር ቀረ።"

ያን ጊዜ ወጣልኝ። ትልቁን ይዘህ ሂድ ያልኩህ እኔ ነኝ፣ ትንሿን ብትይዝ ኖሮ ማንም አያይህም ነበር አልኩት። እያለቀስኩ፣ ሽንኩርቱም አግዞኝ።

"ትንሿንም ብይዝ አነሳት ነበር፣ አሴ" አለኝ።

ስለ ሌንሱ አልጠየቀኝም። እኔም አላሳየሁትም። ሃምሳውን አስመጪ ብሎኝ ነበር እኮ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19

መታወቂያው እዚያው ቀርቷል። አዲስ ለማውጣት ሁለት ጉርድ አምጣ ተባለ። የፎቶ አንሺ ባል ሌላ ፎቶ ቤት አይሄድ! ጠዋት ከሰው በፊት ላንሳህ አልኩት። እሺ አለ። ከተመለሰ ወዲህ የፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው።

በሩን ዘግቼ በአሮጌው ሌንስ ሞከርኩ። ጠጋ ስል ፊቱ ተቆለፈ። ጀርባው ግድግዳ ፈለገ። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አንስቶ፣ የእስረኛ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ የያዘ ይመስል ጣቶቹን ጨበጠ፣ ዓይኑን አንድ ቦታ ሰካ። ለምን እንዲህ እንዳደረገ አልጠየቅኩትም። በካሜራው ውስጥ የማየው ሰው ባሌ አይደለም።

"ቆይ፣ ሌንስ ልቀይር" አልኩት።

ከመሳቢያው ሳወጣው አየው። ቁጥሩን አነበበ። እኔም በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ቦዩን ተሻገርኩ፣ መንገዱ ዳር ቆሜ ዞርኩ። ከዚያ ሆኜ ሳየው እጁ ቀስ እያለ ወደ ጭኑ ወረደ።

ጣቴን ቁልፉ ላይ ሳደርግ አንድ ጀርባ ከፊቴ ቆመ። ሰልማን ነው። "ነገሳ! አንተ! አልሐምዱሊላህ!" አልፎኝ ገብቶ አቀፈው። ነገሳ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ እጁን ሰልማን ጀርባ ላይ አሳረፈ። ሰልማን ሳይወጣ ተረፈች ደረሰች፣ ጉንጩን ሳመችው፣ አገላብጣ ሳመችው። ኦቦ ደቻሳ ለገበያ መጥተው ነበር፣ እሳቸውም በወንድማቸው ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያ ገለቴ ቅርጫቷን መንገድ ላይ አስቀምጣ ገባች። "በጋ ነጋን ገልቴ" አለችው፣ እንኳን በሰላም ገባህ ማለቷ ነው፣ ግንባሩን ሳመችው፣ ቶሎ ወጣች። እኔ መንገድ ዳር ካሜራዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። በሩ ክፍት፣ ባሌ እዚያ ቁጭ ብሎ ይታያል፣ ማን አልፎት ይሄዳል? ሰልፍ ተሠራ።

በመጨረሻ አንድ ዶሮ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ገቡ። የነገሳን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ሰላምታ ሰጡት፣ ቤተሰቡን ጠየቁት፣ ከብቱን ጠየቁት። ነገሳ ለሁሉም መለሰላቸው። ከዚያ "ይቅርታ አባቴ፣ አላወቅኩዎትም" አላቸው።

"እኔም አላውቅህም ልጄ" አሉት። "ለገበያ ሳልፍ ሰው ሁሉ ሲስምህ አየሁ። ሳልስም ባልፍ ነውር አይሆንብኝም?"

ዶሯቸውን አስተካክለው ወጡ። ነገሳ ከኋላቸው አያቸው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከቦዩ ማዶ።

አነሳሁት።

ለመታወቂያ አይሆንም። ጥርሱ ይታያል።